አከራይ ቤቱን ለማየት ሲመጣ፦ የጉብኝት አንቀጽ አጻጻፍ ከሀ እስከ ፐ

ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቼንና ወዳጆቼን ቤቶች አዲስ አበባ ውስጥ አስተዳድራለሁ። ሰዎች እየደወሉ ያው አንድ ዓይነት ችግር ይነግሩኛል። አከራይ፦ «ቤቴን ልይ ብል በር ዘጋብኝ።» ተከራይ፦ «ስብሰባ ላይ ተቀምጬ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች።» ውላችሁን ላኩልኝ እላለሁ። ሁለት ገጽ ነው። ስለ ጉብኝት ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «አከራይ በማንኛውም ጊዜ ቤቱን ማየት ይችላል።» አንዳንዱ ላይ ይቺም የለችም።

ያቺ መስመር ለአከራዩም አትጠቅምም። በሩ ሲዘጋበት የሚያሳየው ቀን የለውም፤ የሰጠው ማስጠንቀቂያ የለውም፤ የሚያነጻጽረው መዝገብም የለውም። ከቤት የሚሠራ ሰው እየበዛ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ከርሯል። ድሮ ቀን ቀን ባዶ የነበረ ቤት ዛሬ ቢሮ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩት። ደረጃ 2ን ዘልላችሁ ደረጃ 3ን ብትጽፉ አንቀጹ ባዶ ወረቀት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሦስት የሕግ መስመሮች

አንደኛ፣ የተከራየ ሰው ቤት የእሱ መኖሪያ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ መኖሪያ ቤትንም ይጨምራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 13 ያለ ነዋሪው ፈቃድ ሰው ቤት መግባትን፣ ሕግ ከፈቀደው ሁኔታ ውጭ፣ ይከለክላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ደግሞ ያስቀጣል። ካርታው በስማችሁ ነው፤ ቁልፉም በኪሳችሁ ነው። ለመግባት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ያንን ፈቃድ አስቀድማችሁ በጽሑፍ የምታገኙት በውላችሁ የጉብኝት አንቀጽ ነው።

ሁለተኛ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ስለዚህ «በጉብኝት ጉዳት ብናገኝ» ብላችሁ የስድስት ወር ገንዘብ አስቀድማችሁ መያዝ አትችሉም። መያዣችሁ ጥሩ መዝገብ ነው።

ሦስተኛ፣ ወኪል ከሆናችሁ የውክልና ሰነዳችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። «ማከራየት» የሚል ኖሮ «ማስተዳደር» የሚል ከሌለ ከመጨቃጨቅ በፊት አስተካክሉት። ባለቤቱ ውጭ ከሆነ በኤምባሲ በኩል የሠራው ውክልና እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ይኼ ቀናት ይፈጃል፤ ተከራይ ከማግኘታችሁ በፊት ጀምሩት።

ደረጃ 1፦ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ

ወረቀቱን ከማንሳታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡት። እነዚህን ጠይቁና መልሱን ጻፉ።

1. ቤቱ ውስጥ እነማን ይኖራሉ? ሕፃን፣ አራስ፣ ታማሚ አለ?
2. ከቤት የሚሠራ አለ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?
3. መቼ ይተኛል?
4. ውሻ አለ?
5. ተከራይ ክፍለ ሀገር ቢሄድ ማንን እንጥራ?
6. አከራይ ራሱ ይመጣል ወይስ ሰው ይልካል? ማንን?

ሦስተኛው ጥያቄ ግላዊ ይመስላል፤ ግን እንዳትተዉት። ለአሜሪካ ድርጅት የሚሠራ ልጅ ካለ የእሱ ቀንና የእናንተ ቀን አንድ አይደለም። ኒው ዮርክ ላይ የሥራ ሰዓት ሲጀምር እዚህ ከሰዓት 10 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 11 ሰዓት። ሥራ ሲጨርስ ሌሊት 6 ወይም 7 ሰዓት ሆኗል። «በሥራ ሰዓት እንመጣለን» ብላችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ስታንኳኩ እሱ ገና እንቅልፍ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ የርክክብ መዝገብ

ጉብኝት ማለት የዛሬውን ቤት ከርክክቡ ቀን ቤት ጋር ማነጻጸር ነው። የርክክቡ ቀን ካልተመዘገበ የሚነጻጸር ነገር የለም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ቤት ማስረከብ ማለት ቁልፍ መስጠት ይመስለዋል።

እንዲህ አድርጉ።

1. ቤቱ ባዶ ሳለ ግቡ። ዕቃ ከገባ በኋላ ግድግዳ አይታይም።
2. ከመግቢያው በር ጀምራችሁ በቀኝ በኩል ዙሩ። ሁልጊዜ በቀኝ። በሚቀጥለው ጉብኝትም በዚያው መንገድ ስትዞሩ ፎቶዎቹ ይገጣጠማሉ።
3. በየክፍሉ ስድስት ነገር ጻፉ፦ ወለል፣ ግድግዳ፣ ኮርኒስ፣ በርና መስኮት፣ መብራትና ሶኬት፣ ቁልፍ።
4. ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቧንቧውን ክፈቱ፣ አንድ ደቂቃ ይፍሰስ፣ ከዚያ ከሲንኩ ሥር በደረቅ ሶፍት ዳብሱ። ሶፍቱ ከረጠበ ጻፉት።
5. የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባብ ጻፉ። ፎቶ አንሱ።
6. የውኃ መዝጊያው የት እንዳለ ለተከራዩ አሳዩ። በእጁ ይዝጋው፣ ይክፈተው።
7. ሁለታችሁም በየገጹ ፈርሙ። አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። ፎቶዎቹን ያኔውኑ በቴሌግራም ለተከራዩ ላኩ፤ ቀኑ አብሮ ይመዘገባል።

«ጥሩ ሁኔታ ላይ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። ጥሩ ማለት ለእናንተ አንድ፣ ለእሱ ሌላ ነው። «ከሳሎኑ መስኮት በታች በግራ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል የእርጥበት ምልክት አለ» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ጊዜ በዚህች ዓይነት መስመር የአንዲት ተከራይ ገንዘብ ተርፏል። አከራይዋ «ግድግዳዬን አበላሸች» አሉ። መዝገቡን ከፈትን፤ ምልክቱ ከመግባቷ በፊት የነበረ ነው። እሳቸውም አይተው «እውነትም» ብለው ተዉት።

ተከራዩ አስቀድሞ ገብቶ ከሆነ፦ ዛሬውኑ ተስማምታችሁ መዝግቡ። ርዕሱን «የርክክብ መዝገብ» አትበሉት፤ «በዚህ ቀን ያለ ይዞታ» በሉት። ያለፈውን ባታረጋግጡበት የወደፊቱን ይጠብቅላችኋል።

ደረጃ 3፦ አንቀጹን ጻፉ

መጀመሪያ ስለ ስሙ። ውሉ ላይ «ፍተሻ» ብላችሁ አትጻፉ። ፍተሻ የፖሊስ ቃል ነው። ተከራዩ ገና ሳይገባ የተጠረጠረ ይመስለዋል፤ አከራዩም ቁምሳጥን የመክፈት መብት ያገኘ ይመስለዋል። «የቤት ጉብኝት» በሉት።

አንቀጹ ስምንት ንዑስ ቁጥሮች ይኑሩት። ናሙናውን እንዳለ ገልብጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ቁጥሮቹን ግን ከራሳችሁ ሁኔታ ጋር አስማሙ።

3.1 ስንት ጊዜ፣ መቼ

«አከራይ ወይም በዚህ ውል ስሙ የተጻፈው ወኪል የቤቱን ይዞታ ለማየት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦትና በጥቅምት ወር፣ ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል።»

ግንቦትና ጥቅምት ያልኩት በምክንያት ነው። ግንቦት ላይ ከክረምቱ በፊት ጣሪያና አሸንዳ ታያላችሁ፤ የተነቀለ ቆርቆሮ ካለ ለማስጠገን ጊዜ አለ። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ምን እንዳደረገ ታያላችሁ፤ የበዓል ግርግሩም አልፏል። በየወሩ እመጣለሁ የሚል አከራይ ተከራይ አይበረክትለትም። በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። አዲስ ተከራይ ከሆነ በሦስተኛው ወር አንድ ተጨማሪ ጉብኝት መጨመር ይቻላል።

3.2 ማስታወቂያ

«አከራይ የጉብኝቱን ቀን፣ ሰዓት፣ ምክንያትና የሚገቡትን ሰዎች ስም ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። ከዚህ በታች በተጻፉት ስልኮች የተላከ አጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም የቴሌግራም መልእክት እንደ ጽሑፍ ይቆጠራል።»

እንግሊዝ አገር ሕጉ ለአከራይ የሚጠይቀው የ24 ሰዓት የጽሑፍ ማስታወቂያ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ 48 ሰዓት ነው። እኔ 48ን የመረጥኩት እዚህ አንድ ቀን በመብራት መጥፋትና በኔትወርክ ሊያልፍ ስለሚችል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰዓቱን ስትጽፉ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» የሚለውን አትርሱ። አንድ ጊዜ ውጭ ያለው ባለቤት ለተከራዩ «ቅዳሜ በ3» ብሎ ጻፈለት፤ ለእኔም ያንኑ። እሱ ያሰበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ 9 ሰዓት ከሰዓት። ተከራዩም እንደዚያው ተረዳ። እኔ ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት በሩ ላይ ቆሜ ደወል እደውላለሁ። ሰውየው በፒጃማ ወጥቶ ሲያየኝ ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ቀኑንም በሁለቱ አቆጣጠር ጻፉ።

3.3 ቀን ማዛወር

«ቀኑ ያልተመቸው ተከራይ ማስታወቂያው በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በቀጣዮቹ ሰባት ቀናት ውስጥ የሚውል ሌላ ቀን ይሰጣል። አንድ ጉብኝት የሚዛወረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

ይህ ቁጥር ከሌለ ተከራይ «ዛሬ አይመቸኝም» እያለ ዓመቱን ይጨርሳል። ካለ ግን የሁለቱም ክብር ተጠብቋል፤ መጨረሻውም ይታወቃል።

3.4 ማን ይገባል

«ጉብኝቱ የሚካሄደው ተከራይ ወይም እሱ የወከለው ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ባለበት ነው። ከአከራይ ወይም ከወኪሉ ጋር ከሁለት ሰው በላይ አይገባም።»

ቤት ውስጥ የቤት ሠራተኛ ብቻ ካለች አትግቡ። ልጅቷን በሁለት አለቃ መሀል ታስጨንቋታላችሁ። ተከራዩ «እሷ ታስገባችሁ» ብሎ በጽሑፍ ከላከ ብቻ።

3.5 ምን ይታያል፣ ምን አይነካም

«የሚታየው ወለል፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ በርና መስኮት፣ የውኃና የኤሌክትሪክ መስመር፣ እንዲሁም የአከራይ የሆኑ ዕቃዎች ናቸው። የተከራይ ቁምሳጥን፣ መሳቢያ፣ ሻንጣ፣ ማቀዝቀዣ፣ ኮምፒውተርና ሰነድ አይከፈትም፣ አይነካም።»

ከቁምሳጥን ጀርባ እርጥበት ከተጠረጠረ ተከራዩ ራሱ ያንሳው። «አብረን እናንሳው?» ብላችሁ ጠይቁ።

3.6 ፎቶ

«ፎቶ የሚነሳው የቤቱ አካልና ጉዳት ብቻ ነው። ሰው፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ሰነድ፣ የኮምፒውተር ስክሪን አይነሳም። የተነሳው ፎቶ ሁሉ በዕለቱ ለተከራይ ይላካል፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም።»

ለቤቱ ባለቤት እንደሚላክ ግልጽ ከሆነ ስሙን ጨምሩ። «ሌላ ሰው» ሲባል ባለቤቱን ያካትታል ወይስ አያካትትም የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን ቤት ውስጥ ፎቶ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ መበተን ተራ ነገር አይደለም።

3.7 ርዝመት

«ጉብኝቱ ከ45 ደቂቃ አይበልጥም።» ለኮንዶሚኒየም 20 ደቂቃ ይበቃል። ግቢ ላለው ቤት አንድ ሰዓት ስጡ።

3.8 ለገዢና ለአዲስ ተከራይ ማሳየት

ይህንን ከጉብኝት ጋር አትቀላቅሉት። «ውሉ ሊያልቅ ባለው የመጨረሻ 30 ቀን ብቻ፣ በሳምንት ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ፣ በ3.2 መሠረት ተነግሮ» በሉ። ደላላ ብቻውን እንዳይመጣም ጻፉ። በአንድ ቅዳሜ አራት ደላላ አራት ቤተሰብ እያስከተለ ያስገባበት ቤት አውቃለሁ፤ ተከራይዋ አራስ ነበረች።

ደረጃ 4፦ ከቤት የሚሠራ ተከራይ ካለ

አራት ተጨማሪ ዓረፍተ ነገሮች ያስፈልጋሉ።

1. የተከለለ ሰዓት። «ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ… እስከ … ሰዓት ጉብኝት አይካሄድም።» ለውጭ ድርጅት ለሚሠራ ሰው የእንቅልፉንም ሰዓት ክለሉ። አሜሪካውያን ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ይለውጣሉ፤ በእኛ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ፣ ከዚያ ደግሞ ጥቅምት መጨረሻ። ስለዚህ «ተከራይ ሰዓቱ ሲቀየር በጽሑፍ ያሳውቃል» ብላችሁ ጨምሩ።

2. የሥራ ቦታው። ላፕቶፕ ያለበት ክፍል በመጨረሻ ይታይ። ተከራዩ የኮምፒውተሩን ስክሪን ዘግቶ፣ ወረቀት ሰብስቦ ይጠብቃችኋል። የባንክ ወይም የሕክምና መረጃ የሚይዝ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በእናንተ ዓይን ምክንያት ሥራው አደጋ ላይ መውደቅ የለበትም።

3. መብራት ማጥፋት። ብልሽት ለመፈተሽ ብሬከር ከማውረዳችሁ በፊት ንገሩት። ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ዋይፋይ በአንድ ጊዜ ሲጠፋበት የሚደርስበትን አስቡት። ይኼን የምለው አድርጌው ስላየሁት ነው።

4. የቤቱ አገልግሎት። «ተከራይ በኮምፒውተር ከቤት መሥራቱ ቤቱን የንግድ ቤት አያደርገውም። ሆኖም ደንበኛ አይቀበልም፣ ታፔላ አይሰቅልም፣ ሠራተኛ አያስገባም።» ይህ መስመር ሁለቱንም ይጠብቃል። ጎብኝቶ «ለካ ቢሮ ከፍተሃል!» ብሎ ኪራይ ልጨምር የሚል አከራይ አጋጥሞኛል። አንድ ላፕቶፕና አንድ ወንበር ቢሮ አይሆንም። ሦስት ጠረጴዛና ስድስት ሠራተኛ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

ደረጃ 5፦ ድንገተኛ አደጋ

ይህንን ክፍል በጥንቃቄ ጻፉ። ሲላላ አከራይ ለሁሉም ነገር «ድንገተኛ ነው» ይላል፤ ሲጠብቅ ደግሞ ቤት ይጎዳል።

አንድ ፋሲካ ሦስተኛ ፎቅ ያለ ኮንዶሚኒየም ተከራይ ወደ አገር ቤት ሄደ። የሽንት ቤቱ የውኃ ቱቦ ፈነዳ። ታች ያለችው ጎረቤት በጣሪያዋ ላይ ውኃ እየተንጠባጠበ ባልዲ ደርድራ ደወለችልኝ። ትርፍ ቁልፍ እጄ ላይ ነበር። ውሉ ግን ስለ ድንገተኛ አንዲት ቃል አይልም። የተከራዩ ስልክ ኔትወርክ የለውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ደረጃው ላይ ቆሜ ልግባ አልግባ ስል ቆየሁ። መጨረሻ ላይ ከነዋሪዎች ኮሚቴ አንድ ሰው ትዝ ብሎት የውጩን መዝጊያ ዘጋ። የዚያች ሴት ኮርኒስና ፍራሽ ግን አልተረፉም። ያን ቀን ማታ ነው ይህንን ቁጥር የጻፍኩት።

«ድንገተኛ ማለት እሳት፣ የጋዝ ሽታ፣ የሚፈስ ውኃ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ወይም የቤቱ አካል መደርመስ ነው። በዚህ ጊዜ አከራይ ሁለት ጊዜ ለተከራይ፣ አንድ ጊዜ ተከራይ በሌለበት እንዲጠራ ለሰየመው ተጠሪ ይደውላል፤ መልእክት ይተዋል። መልስ ካላገኘ ከጎረቤት ወይም ከነዋሪዎች ኮሚቴ አንድ እማኝ ይዞ ይገባል። የሚገባው አደጋው ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ያደረገውን በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቃል።»

እሳት ወይም ጋዝ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሰው አውጡ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጥሩ። ስልክ መደወሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ትርፍ ቁልፉን እንዲህ አድርጉ፦ በፖስታ ከትታችሁ አሽጉት። ሁለታችሁም በእሽጉ መጋጠሚያ ላይ ፈርሙ፤ ግልጽ ፕላስተር ለጥፉበት። ተከራይ ሲፈልግ «ፖስታውን አሳየኝ» ማለት ይችላል። በድንገተኛ ከተከፈተ በአዲስ ፖስታ፣ በአዲስ ፊርማ። ይህቺ ወጪዋ ምንም የማይባል ፖስታ የስንቱን ተከራይ ልብ እንዳሳረፈች አይቻለሁ።

ደረጃ 6፦ ፊርማና ምዝገባ

1. አንቀጹንና የርክክብ መዝገቡን የውሉ አባሪ አድርጉ። ወረዳው የራሱ ቅጽ ካለውና ቦታ ከጠበባችሁ ቅጹ ላይ «አባሪ 1 የዚህ ውል አካል ነው» ብላችሁ ጻፉ።
2. ሁለት ምስክር ይፈርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 በጽሑፍ መሆን ላለበት ውል ሁለት ምስክር ይጠይቃል።
3. በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። ለወረዳ የምትሰጡት ቅጂ ላይ አባሪው መኖሩን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ የሚቀረው እሱ ነው።
4. በኋላ ሰዓት ወይም ወኪል መቀየር ከፈለጋችሁ በቃል አትቀይሩ። አንቀጽ 1722 እንደሚለው በተለየ ፎርም የተሠራ ውል የሚሻሻለውም በዚያው ፎርም ነው፤ በጽሑፍ፣ በምስክር።

ነባር ውል ካላችሁ፦ ውሉ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የአንድ ገጽ ማሻሻያ አዘጋጁና ተከራዩን አነጋግሩ። «መብትህን የሚጠብቅ ነው» ብላችሁ 3.5ን እና የፖስታውን ነገር መጀመሪያ አሳዩት። አከራይ ከሆናችሁ በ3.1 አትጀምሩ።

ደረጃ 7፦ የጉብኝቱ ቀን

ከ48 ሰዓት በፊት ይህንን ላኩ፦

«ሰላም። በውላችን አባሪ 1 መሠረት የግንቦት ጉብኝት ቅዳሜ ግንቦት … ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እንዲሆን አስበናል። እኔና የቧንቧ ሠራተኛው ነን የምንመጣው። ጣሪያና ሽንት ቤት እናያለን። 30 ደቂቃ ይበቃናል። ካልተመቸዎት እስከ ነገ ሌላ ቀን ይስጡን።»

ቀኑ ሲደርስ፦

1. አንኳኩ። ቁልፍ ኪሳችሁ ውስጥ ቢኖርም አታውጡት።
2. ጫማችሁን አውልቁ ካሏችሁ አውልቁ።
3. የርክክብ መዝገቡን ይዛችሁ በቀኝ በኩል ዙሩ።
4. የምታዩትን ለተከራዩ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «እዚህ ስንጥቅ አለ፤ ይታይዎታል?»
5. ተከራዩ የሚያቀርበውን ቅሬታ በዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ። ጉብኝት የአከራይ ብቻ አይደለም። «ቦይለሩ ከመጋቢት ጀምሮ አይሠራም» ካለ መዝግባችሁ የምትጠግኑበትን ቀን ስጡ።
6. ከጉዳቱ አጠገብ «በማን»፣ «ማን ይከፍላል»፣ «እስከ መቼ» ብላችሁ ሙሉ። ካልተስማማችሁ «አልተስማማንም» ብላችሁ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። ያም መዝገብ ነው።

ቡና ከቀረበ ጠጡ። ሂሳብ ግን ቡና ላይ አታንሱ።

ነገሩ ሲበላሽ

*ተከራይ ሁለተኛ ጊዜም ከለከለ።* በር ላይ አትጨቃጨቁ፤ ቁልፍ አትሞክሩ። የዚያን ቀን ማታ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላኩ፦ የውሉን ቁጥር፣ የከለከለባቸውን ሁለት ቀኖችና አዲስ ቀን ጥቀሱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 ውል አልፈጸመም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። ሦስተኛውንም ካለፈ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

*«ከከለከለ ውሉ ይፈርሳል» ብላችሁ ጽፋችኋል።* ሰርዙት። የኪራይ አዋጁ ውል የሚቋረጥባቸውን ሁኔታዎች ራሱ ይዘረዝራል፤ እናንተ በአንድ መስመር ልታሰፉት አትችሉም። በምትኩ መጠነኛ መቀጫ መስማማት ትችላላችሁ፤ ለሁለቱም ወገን እኩል ይሁን። ሳይነግር የገባ አከራይም ይክፈል።

*አከራይ ሳይነግር ገባ።* ተከራዮች፣ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፦ «ትናንት በ… ሰዓት ቤቴ ገብተዋል። ምክንያቱን ይግለጹልኝ።» መልሱን አስቀምጡ። የጠፋ ነገር ካለ ፖሊስ ጋ ሂዱ። ቁልፍ ሳያስፈቅዱ አትቀይሩ፤ ጥፋተኛው እናንተ ትመስላላችሁ። የፖስታውን አሠራር ጠይቁ። ከተደጋገመ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ማመልከት መብታችሁ ነው።

*ማስታወቂያው አልደረሰኝም አለ።* ለዚህ ነው ሁለት ስልክ ውሉ ላይ የሚጻፈው። መልእክቱን ለሁለቱም ላኩ፤ ሰዓቱ የሚታይበትን የስልክ ገጽ ፎቶ አስቀሩ።

አሠሪያችሁ ቤቴን ልይ ካለ

ይህ ለተከራዮች ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ከቤት ለሚሠሩ ሰዎች «የሥራ ቦታውን ማየት እንችላለን» የሚል መስመር በሥራ ውል ያስገባሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ቤት ውስጥ ሥራ ውል የሚናገር ክፍል አለው፤ እዚያ ያለው ሥራ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር ሠራተኛው ቤቱ ወይም በመረጠው ቦታ የሚሠራው ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን አስገቡ፦

- የሚታየው ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ ሶኬቱና ኢንተርኔቱ ብቻ ይሁን።
- በአካል ከመምጣት ይልቅ በቪዲዮ ወይም በፎቶ ይጀመር። ቪዲዮው አይቀዳ።
- ከሦስት የሥራ ቀን በፊት ይነገር።
- አብረዋችሁ የሚኖሩ ሰዎች እንዳይቀረጹ ይጻፍ። እነሱ የሥራ ውል አልፈረሙም።

አሠሪው «ሶኬቱ ይቀየር» ወይም «መስመር ይሳብ» ካለ እሺ ከማለታችሁ በፊት ለአከራዩ ጻፉለት። ግድግዳው የእሱ ነው። ፈቃዱን በጽሑፍ ስታገኙ ከርክክብ መዝገቡ ጋር አያይዙት፤ ስትወጡ ቀዳዳውን ማን ይድፈን የሚለውም እዚያው ላይ ይስፈር።